ታኮ የለመደች መኪና

ሀሊሜን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣሻል ብትሏት ጨውና ጋዝ አትቆጥርላችሁም። «አንድ ጆሮ» ትላለች። ከሁለቱ ጆሮዎቿ አንደኛው ቤት ይውላል፤ ድስቱን ይሰማል፣ ሕፃኗን አስያን ይሰማል፣ ጎረቤቷ ተናኜ በአጥር ላይ የምታወርድላትን ወሬ ይሰማል። ሌላው ግን ማለዳ ከባሏ ጋር ወጥቶ ከሲሬ በሚመጣው መንገድ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ወደ ቤቱ የሚመለሰው የአሮጌዋ ኤንትሬ ክላክስ ከአሰላ መግቢያ ሲጮህ ብቻ ነው። ክላክሱ የዘገየ ቀን ድስቱ ያርራል።

ኤንትሬ የሚሏት አፍንጫዋ ደፍጣጣ፣ ድምፅዋ ትልቅ የጭነት መኪና ናት። ባለቤቷ ጋሽ ነገሳ ናቸው። የሀሊሜ ባል ከዲሮ ደግሞ ረዳታቸው ነው፤ ያም ለሰው ሲነገር ነው። እውነቱ ሌላ ነበር። የጋሽ ነገሳን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ስለዚህ ከከተማ ሲወጡ ባለመኪናው ረዳት፣ ረዳቱ ሾፌር ይሆናሉ። ኬላ ሊደርሱ ሲሉ መኪናዋን ጥግ ያስይዙና ቦታ ይቀያየራሉ፤ ኬላውን ካለፉ በኋላ እንደገና ይቀያየራሉ። ከዲሮ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም ማለት አይደለም። ነበረው፤ ለዚያች መኪና ግን አይበቃም።

«ዛሬስ የት ላይ ተቀያየራችሁ?» ትለዋለች ሀሊሜ ማታ እግሩን ሲታጠብ።

«ከድልድዩ ወዲህ። ምን ያስጨንቅሻል? ጋሽ ነገሳ ለኬላው ያህል ያያሉ።»

«ኬላው እኮ የቆመ ነው። መንገድ የሚሻገር ከብትስ?»

ከዲሮ «ያ ረቢ፣ ይቺ ሴት!» ብሎ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

በ1964 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጋሽ ነገሳ ራሳቸው እነሀሊሜ ቤት ድረስ መጡ። ሻይ ቀርቦላቸው ገና ሳይቀምሱ፣ «ሀሊሜ ልጄ» አሉ፣ «እኔ ከእንግዲህ መሪ ላይ አልቀመጥም። ትናንት አቦምሳ መውረጃው ላይ፣ ኬላው አጠገብ፣ ግመል መስሎኝ ቁጥቋጦ ላይ ክላክስ ስነፋ ነበር።»

«ቁጥቋጦውም ክፉ ነው» አለ ከዲሮ፣ «ንቅንቅ አላለም።»

«ሳቅ አንተ! ኬላው ላይ የመጣውን አዲሱን ትራፊክ ግን ሳቅህ አያልፈውም። እሱ ወረቀት ብቻ አይደለም የሚያየው፣ የሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ነው የሚያየው። ከዚያች ወንበር ላይ ቢይዝህ ያለህንም ፈቃድ ይነጥቅሃል፤ እኔንም ያስሩኛል።» ጋሽ ነገሳ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ምለው አያውቁም። ያን ቀን ግን እጃቸውን አነሱ። «እስከ ሰኔ መጨረሻ አራተኛውን ካወጣህ መኪናዋን ባንተ እጅ አደርጋለሁ፤ እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ። ካላወጣህ ልግዛት ላለኝ የናዝሬት ሰውዬ እሸጣታለሁ። እሱ ደግሞ የራሱ ሾፌር አለው።»

እሳቸው ሲወጡ ሀሊሜ ወደ ባሏ ዞረች። እስከዚያ ቀን ድረስ መንጃ ፈቃድ እንደ ፈንጣጣ ክትባት አንዴ ተወግተውት የሚገላገሉት ነገር ይመስላት ነበር።

«አራተኛ ምንድን ነው? ስንት ፈቃድ ነው ያለው?»

ከዲሮ ጣቱን ዘረጋ። «እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ነው። አንደኛ ሞተር ሳይክል። ሁለተኛ የቤት መኪና። ሦስተኛ፣ የእኔዋ፣ ታክሲና ትንንሽ ጭነት። አራተኛ እንደ ኤንትሬ ያለች ትልቅ ጭነትና አውቶቡስ። አምስተኛ ባለ ተሳቢ። በሦስተኛ የአራተኛን ስትነጂ ብትገኚ፣ ምንም ፈቃድ የሌለው ሰው ይሻላል፤ እሱ የሚነጠቀው የለውም።»

«ከሦስተኛ ዘለህ አምስተኛ ብታወጣስ?»

«ደብል የሚመታ አደረግሽው እንዴ?»

«እኔስ መትቻለሁ!» አለች ሀሊሜ። እውነቷን ነው፤ ከአምስተኛ ክፍል ሰባተኛ የገባች ልጅ ነበረች፤ እስከ አሥረኛም ተምራለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በእጇ ያዘችው። መጀመሪያ ሐኪም ቤት፤ ዓይኑና ጆሮው ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ያስፈልጋል። ተራ እንዳያልፈው አብራው ተሰለፈች። ቀጥሎ ፎቶግራፍ፤ ፎቶ አንሺው «ቀና በል» ቢለው አገጩን ሰቅሎ የተቆጣ አስመስሎ ተነሣ። ከዚያ ሦስተኛዋን ፈቃድ አያይዞ ማመልከቻ ማስገባት፤ ፈታኞቹ ወደ አሰላ የሚመጡበትን ቀን መጠየቅ። የቀረው ጥናት ነበር። የሳሙና ካርቶን ቀድዳ የመንገድ ምልክቶቹን በከሰል ሣለችና ግድግዳው ላይ ደረደረቻቸው። ወጥ እያማሰለች በማማሰያው ትጠቁማለች፣ እሱ ይመልሳል።

«ይሄስ?»

«መግባት ክልክል ነው።»

«ይሄስ?»

«ጠመዝማዛ መንገድ።»

«ይሄስ?»

«እሱ የልጅሽ መዳፍ ነው።»

ምልክቱን አወቀው፤ ሕጉን አወቀው። በበርሜሎች መካከል ወደ ኋላ መንዳትንማ ዓይኑን ጨፍኖም ይሠራዋል። ማንም ያላሰበው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የእጅ ፍሬን።

የኤንትሬ የእጅ ፍሬን ከሞተ ዘመን አልፎታል። ዳገት ላይ ሲቆሙ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ያስገባል። ታኮ ማለት የእንጨት ሽብልቅ ነው፤ እንጨቱ ከሌለ የመንገድ ዳር ድንጋይም ታኮ ነው። ሾፌሩ እግሩን ከፍሬን ያነሳል፣ መኪናዋ ታኮው ላይ ትደገፋለች፣ ከዚያ ነዳጅ ሰጥቶ ይነሣል። ከዲሮ ለዓመታት ታኮ ሲያስገባ ኖሮ፣ መሪውን ከያዘ ወዲህ ደግሞ አስገቢው ጋሽ ነገሳ ሆኑ። ዓይናቸው ባያይም እጃቸው ድንጋይ አያጣም። ሾፌሩ «ታኮ!» ይላል፤ ታኮው ይመጣል። ኑሮው እንዲህ ነበር። በሲሬ መንገድ የሚሠሩት አሮጌ መኪናዎች ሁሉ ኑሯቸው እንዲህ ነበር። ሦስተኛዋን ፈቃድ ደግሞ ናዝሬት ላይ፣ በሜዳ፣ በተውሶ ትንሽ መኪና ነው የወሰዳት።

ለፈተና የምትቀርብ መኪና ሙሉ መሆን ስላለባት፣ ጋሽ ነገሳ በዋዜማው ፍሬኑን አሠሩ። ከዲሮ አንዴ ሳበው፣ ከርከር ሲል ሰማ፣ «ይሠራል» አለ፤ በቃ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

የፈተናው ቀን በግንቦት አጋማሽ ላይ ዋለ። ከጭላሎ ተራራ በኩል ካፊያ ይወርዳል። ከዲሮ ሀሊሜን «ቤትሽ ተቀመጪ፣ ካየሁሽ ዓይኔ ካንቺ ላይ አይነሣም» ብሏት ነበር። ተቀመጠች። ተነሣች። እንደገና ተቀመጠች። ያን ቀን ግን ጆሮዋን ብቻ መላክ አልበቃትም። አስያን አዝላ ከገበያው በላይ ወዳለው ዳገት ወጣች፤ ከቦዩ አጠገብም ከሰው ኋላ ተከልላ ቆመች።

ፈታኙ አቶ ይርሳው ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ፣ ንግግራቸው በቁጥር የሆነ ሰው ነበሩ። የምልክቱን ጥያቄ ጨርሰው፣ በርሜሎቹንም አሳልፈው፣ ከከዲሮ ጎን ተቀምጠው ወደ ዳገቱ መጡ። ሀሊሜ መስታወቱ ውስጥ የባሏን ጉንጭ አየችው። ፈገግ ብሏል። «አለፈ!» አለች በልቧ።

ዳገቱ መካከል ላይ አቶ ይርሳው «ቁም» አሉ። ቆመ።

«ተነሥ።»

ከዲሮ አንገቱን በመስኮት አወጣና እንደ ሁልጊዜው «ታኮ!» ብሎ ጮኸ።

ዓመል ያወጣል ከመሀል ማለት ይኼ ነው። መኪናዋ ውስጥ ረዳት የለም። ከተመልካቹ መካከል የነበሩት ጋሽ ነገሳ ግን ጥሪውን ሰሙ። የእሳቸውም እጅ ለምዷል፤ ሳያስቡት ድንጋይ ሊዳስሱ ጎንበስ ብለው ወደ መኪናዋ ኋላ ገቡ። ከዲሮ በመስታወቱ የሰው ጥላ አየ፣ ታኮው የገባ መሰለውና እግሩን ከፍሬን አነሣ።

ኤንትሬ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሰው «ኡ!» አለ። ጋሽ ነገሳ ጩኸቱን ሰምተው ቀና አሉ፤ የሚመጣባቸውን ግን አላዩትም፤ ወደየት እንደሚሸሹም አላወቁም። ሀሊሜ በኋላ ስትጠየቅ እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። የምታስታውሰው ከቦዩ ያነሣችው ድንጋይ እርጥብ እንደነበረና ጎማው ድንጋዩን ሲነክሰው የተሰማውን ድምፅ ብቻ ነው። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች። በጋሽ ነገሳ ደረትና በመኪናዋ መካከል አንድ ክንድ ያህል ቀርቶ ነበር። አስያ በጀርባዋ ላይ አለቀሰች።

አቶ ይርሳው ቀስ ብለው ወረዱ። ድንጋዩን አዩ፤ ሴቲቱን አዩ።

«ማን ናት?»

«ሚስቴ ናት፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ አራተኛውን በማን ስም ልጻፈው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዲሮ አልሳቀም። ፈታኙም አልሳቁም። «ስማ ወንድሜ፣ መሪ ትችላለህ፤ ማርሽ ትችላለህ። መኪና ማቆም ግን አትችልም፤ የሚያቆምልህ ሌላ ሰው ነው። በሰኔ መጨረሻ እንመለሳለን። አንተም ተመለስ፤ ብቻህን።» አሉት።

ቤት ገቡ። ሀሊሜ ምጣድ ልትጥድ ብላ ድንገት ቆመች። «ድንጋዩ!» አለች። ሁሉም በድንጋጤ ሲበተን ድንጋዩ እዚያው መንገዱ መሀል ቀርቷል። ሊመሽ ነው፤ የናዝሬት አውቶቡስ ደግሞ በዚያ ያልፋል። ልጅቷን ለተናኜ ሰጥታ ሮጠች።

ድንጋዩን አገኘችው፤ እየገፋች ቦዩ ውስጥ ጣለችው። ቀና ስትል ግን ከላይ ሌላ አየች። ትንሽ አለፍ ብሎም ሌላ። የትናንት፣ የትናንት ወዲያ መኪናዎች ተነሥተው ሲሄዱ የተዉት ታኮ ነው። በዚህ መንገድ ተመላልሳ ስታበቃ አንድ ቀን እንኳ አይታው አታውቅም። ጆሮዋ የሚጠብቀው ክላክስ ነው፤ ድንጋይ ግን ክላክስ የለውም።

ከዲሮ ተከትሏት መጣ። «ምን ትሠሪያለሽ በዚህ ብርድ?»

«ያንተን አነሣሁ። ይሄ ደግሞ የማን እንደሆነ አላውቅም። አቦምሳ ዳገት ላይ ስንቱን ትተህ መጥተሃል?»

«እኛ ስንነሣ ማን ይወርዳል ሀሊሜ? መኪናዋ ከተነሣች ተነሣች ነው» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ትልቁን ድንጋይ ማንከባለል ጀመረ።

ከማግስቱ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ዳገቱ ላይ የእጅ ፍሬን ልምምድ ሆነ። የሀሊሜ ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ጋሽ ነገሳ ከመኪናዋ እንዳይወርዱ። እሳቸውም እጃቸው እንዳያስቸግራቸው እየተቀመጡበት ይጸልያሉ። «ጋሽ ነገሳ፣ እግርዎ ወደ በሩ እየሄደ ነው!» ይላል ከዲሮ። «እግሬን ተወውና ፍሬንህን ሳብ!» ይላሉ። የናዝሬቱ ሰውዬ በመካከሉ መጥቶ የመኪናዋን ጎማ በእግሩ መታ መታ አድርጎ ሄደ። ያን ሰሞን ሀሊሜ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ከዲሮን ግን «ታልፋለህ፣ ኢንሻአላህ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰችበትም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በሁለተኛው ፈተና፣ ቤቷ ቀረች፤ «ብቻህን» ተብሏላ። ክላክሱ ሲጮህ ሰማች፤ የደስታ ይሁን የንዴት አልለየችውም። ከዲሮ ገባ። ልጁን አንሥቶ ሳመ፣ ተቀመጠ፣ ጫማውን ፈታ።

«ተናገር እንጂ! ልትገድለኝ ነው?»

መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገው። አራተኛ ይላል።

«አልሃምዱሊላህ! ዳገቱስ?»

«ዳገቱ ላይ ቁም ሲሉኝ፣ ወላሂ፣ ታኮ ልል አፌ ተከፈተ።»

«ከዚያስ?»

«አዛጋሁ።»

ጋሽ ነገሳ አሁን ቤታቸው ተቀምጠዋል። ኤንትሬም አልተሸጠችም፤ ከዲሮ በራሱ ስም፣ በራሱ ወንበር ይነዳታል። ኬላ ላይ ቦታ መቀያየር የለም። የሀሊሜ ጆሮ ግን አልተመለሰላትም። አቦምሳ ሄዶ ሲመለስ ይመሻል፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ክላክስ የሌለው ነገር ይቀመጣል።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት። ሾፌር ብትሆኑ፣ ረዳት ብትሆኑ፣ በእግራችሁ ገበያ የምትሄዱም ብትሆኑ፣ መንገድ ላይ የቀረ ታኮ ስታዩ አትለፉት። የእኔ አይደለም አትበሉ። ጎንበስ በሉና ወደ ቦዩ ጣሉት። የቸኮለ ሰውም ቢሆን ይውረድ። ከዲሮ ዛሬም አቦምሳ ነው፤ ገና አልገባም።