የላሟ ግራ ጎን

ላም መሳል የጀመርኩት እልህ ይዞኝ ነው። ጊንጪ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። እውነቱን ለመናገር በአማርኛም ቢሆን ሦስት ሰው ፊት ከቆምኩ ምላሴ ይተሳሰራል። የሙከራ ጊዜዬ ስድስት ወር ነው። ግምገማው ላይ «ከአርሶ አደሩ ጋር መግባባት» የሚል ረድፍ አለ፤ እሱን ካላለፍኩ ወደ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት መመለሴ ነው።

አፌ ካልሠራ እጄ ይሥራ አልኩና ከሥራ መልስ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋን ላሜን አከራዬ አይታ «አልጋ ልታሠሪ ነው?» አለችኝ። በአምስተኛው ወር ግን ደህና ላም ወጣችልኝ፤ ወደ ቀኝ የዞረች። ወደ ግራ ሳዞራት መልሳ አልጋ ሆነችብኝና ተውኩት። ለአንድ ላም አንድ ጎን መች አነሳት!

ግምገማው የተደረገው ደንዲ ውስጥ ባለች የገጠር ቀበሌ ነበር። ትምህርቴ የታመመ ከብት በጋለ ብረት አትተኩሱ፣ ወደ ክሊኒክ አምጡ የሚል ነው። ቡድን መሪዬ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። እኔም «አካም ጅርቱ» አልኩ፤ ኦሮምኛዬ እዚያው አለቀ። ትልቅ ስስ ወረቀት ዛፍ ላይ ሰቅዬ ላሜን መሳል ጀመርኩ። ቀንዷን ስጨርስ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከመሃል ብድግ አለ።

«ሳአ ኮ ቲ!»

ላሜ ናት ማለቱ ነው። አምና ጠፍታበት ኖሯል።

ሳቅኩ። ከእኔ በቀር የሳቀ ሰው አልነበረም። ሦስት ሽማግሌዎች ከሣሩ ላይ ተነስተው ወረቀቱን ከበቡት። ከመካከላቸው አማርኛ የሚያውቁት አንዱ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይቺን ላም የት አየሻት?»

«የትም። ከጭንቅላቴ ነው የሳልኳት።»

«ጭንቅላትሽ ውስጥስ ማን አስገባት?»

ያድነኛል ብዬ ቡድን መሪዬን ዞሬ አየሁት። እሱም ቀንዷን እየመረመረ ነው። ገበሬው የእሱ ላም ግራ ጎኗ ላይ ጠባሳ እንዳላት ተናገረ፤ አማርኛ የሚያውቁት ሽማግሌ ተረጎሙልኝ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ፈረዱ፤ «ሌላኛውን ጎኗን አሳዪን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልችልም ብል ጠባሳውን ደበቀች ልባል ነው፤ ብሞክር የምትወጣው አልጋ ናት። በጣም ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ መፍራቴን እረሳለሁ። ወረቀቱን ከዛፉ አውርጄ ፀሐይ እንዲያልፍበት በሁለት እጄ ወጠርኩትና «በዚያ በኩል ዞራችሁ እዩ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞሩ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ርግጫ ፈርተው ከኋላ እግሯ ራቅ ብለው ዞሩ።

ባለ ላሙ ግን ተጠግቶ ብዙ ቆየ። «አይደለችም» አለ በመጨረሻ። «ጠባሳ የላትም።» ድምፁ ሲሰበር ንዴቴ በአንዴ ጠፋ፤ በራሴ አፈርኩ። ወረቀቱን መልሼ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጌ ሰቀልኩት፤ እርሳሴን አነሳሁና ክሊኒክ ስትባል ሰምቼ የያዝኳትን አንዲት ቃል ጠየቅኩት፤ «ኤሳ?» የት ላይ?

ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ እዚህ። ታማ ሳለች በጋለ ብረት የተኮሳት እሱ ራሱ ነው። ቁስሉ አልሽር አለ፣ ወተቷ ነጠፈ። እኔ ጠባሳውን እስላለሁ፣ ሽማግሌው ያስተረጉሙልኛል፣ እሱ ሰፋ አድርጊው፣ ጠበብ አድርጊው ይለኛል። «ከዚያ ወዲህ እኔን ስታይ ትሸሽ ነበር» አለ። «አንድ ቀን ሸሽታ በዚያው ቀረች።»

ያን ጊዜ አንዱ ስለ በሬው፣ ሌላው ስለ ጊደሩ ማውራት ጀመረ፤ ያልተኮሰ አልነበረም። ቡድን መሪዬ እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው። «ምን ብዬ ልሙላው? ከሰላምታው በኋላ በኦሮምኛ አንድ ቃል ነው የተናገርሽው» አለኝ።

«እነሱ ግን ስንት ተናገሩ?» አልኩት። አሰበና «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ባለ ላሙ ሥዕሉን ለመነኝ። እንዲመቸው ላጥፈው ስል እጄን ያዘኝ፤ «እግሯ!»

ሳይታጠፍ ይዟት ሄደ። ሜዳው ላይ ነፋስ ወረቀቱን ወደ ኋላ ሲስብበት አልጎተታትም። ቆመና «ኮቱ፣ ኮቱ» አላት። ነይ፣ ነይ እያለ እስክትከተለው ጠበቃት።