የጡት ወንድሜ ከተማ

አሜሪካዊ አገር እንጂ የትውልድ ቀዬ የለውም ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ በምኖርባት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፤ ከተማዋ ያፈራቻቸው ታላላቅ ሰዎች ስም ተጽፎበታል። አንደኛው ኳስ ተጫዋች ነው። ሁለተኛው የዶሮ መኖ መፍጫ ፈልስፏል። ሦስተኛው ሚስተር ክሊፈርድ፣ የጡት ወንድሜ ነው።

ክሊፈርድ የካ ሊያስተምር መጥቶ ሁለት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ኖሯል። ተስቦ ሲጥለው እናቴ አጥሚት እያጠጣች አስነሣችው። ሲድን አባቴ ሽማግሌ ሰበሰበና የራሱን አውራ ጣት ማር ውስጥ ነክሮ አጠባው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ጡት የተጣባ ሰው ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ አባቱን ይቀብራል። ክሊፈርድ አለቀሰ። እኛም እንባውን እንደ ፊርማ ቆጠርነው።

እኔ የትምህርት ዕድል አግኝቼ የምሄድ ዕለት፣ አባቴ እንጦጦ ካለው ቀፎው የቆረጠውን ማር በቅል አሽጎ ሰጠኝ።

«ለወንድምህ ነው። ከባሕር ዛፉ በላይ ያለውን መሬት አጥሬለታለሁ በለው። መጥቶ ቤቱን ይሥራ።»

«ለእኔስ?» አልኩት እየሳቅሁ።

«አንተማ እዚሁ ነህ» አለኝ፣ ሻንጣዬን እያየ።

ኒውዮርክ ስደርስ የጉምሩክ ሹሙ ቅሉን አሸተተ።

«ምንድን ነው?»

«ማር።»

«ለማን?»

«ለወንድሜ ለክሊፈርድ።»

ፓስፖርቴን አየ፤ ፊቴን አየ። ከዚያ ብቻውን ስቆ የማይጨርሰው ነገር ሆነበት መሰለኝ፣ ጓደኛውን ጠራ። ስቀው ሲያበቁ አሳለፉኝ።

ቅሉን ባስረከብኩት በሳምንቱ ክሊፈርድ በዚህችው የትውልድ ከተማው አዳራሽ ንግግር አደረገ። የአባቴ ቅል እንደታሸገ ጠረጴዛ ላይ ለእይታ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ፎቶ በመብራት በራ፤ የአባቴ አውራ ጣት በክሊፈርድ አፍ ውስጥ።

«የጎሣው አለቃ ሲገብርልኝ» አለ።

አባቴ የበቅሎው አለቃ እንኳ ሆኖ አያውቅም፤ እሷ ናት የምትመራው።

አከራዬ ሚስስ ዶሪስ አጠገቤ ነበረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ክሊፍ፣ ይሄ ልጅ ወንድሙ ነኝ ይላል፤ እውነት ነው?» አለችው።

«የአሽከሬ ልጅ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ደጎች ናቸው።»

የየካ ሰው ነኝና ሕዝብ በተሰበሰበበት ዝም ማለት መካድ መሰለኝ። ብድግ አልኩና «አባቴ አጥብቶታል» አልኩ። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሰማ ገምቱት። በዚያች ከተማ እንደዚያ ምሽት የተሳቀበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

በመኪናው ሲያደርሰኝ በጠራ አማርኛ፣ «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ እዚህ ሰዉ ተረት ይወዳል» አለኝ። «አባባ ደኅና ናቸው?»

ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በእንግሊዝኛ አሽከር፣ በአማርኛ ወንድም። ማንም በማይሰማው ቋንቋ ይወደናል። መሬቱ እንደታጠረለትም ነገርኩት። «ጥሩ ነው፤ ለሚቀጥለው ንግግሬ ትሆናለች» አለ።

እኔም እዚሁ ቀረሁ። ዳቧቸው ጥጥ ነው፤ ብርዳቸው የእንጦጦን ውርጭ ያስመኛል። ሥራ የምሄደው በዚያ ሰሌዳ ሥር ነው።

ባለፈው ሰሞን አባቴ ከተማ ወርዶ ቴሌ ጠበቀኝ፤ ደወልኩለት። ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ነገር ነው።

«ማሩን ወደደው?»

«ወደደው አባባ።»

«ታዲያ ለምን አይመጣም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ይብዛለት። እኔ ግን ደክሜያለሁ። ከፋሲካ በኋላ ኑዛዜ አጽፋለሁ፤ መሬቱ በስሙ ይሁን።»

መስመሩ ተቋረጠ ልላችሁ ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

እናንተ ማሩ ሲጠባ በምስክርነት የተቀመጣችሁ የየካ ሽማግሌዎች፤ እኔ ለአባቴ ልነግረው አልቻልኩም፣ እናንተም አትንገሩት። ለኑዛዜው ምስክር ሁኑ ብሎ ሲጠራችሁ ግን፣ አትፈርሙ።