ለሁለት የሚረገጥ ፍሬን

ዳኛቸው የአሮጌ ቮልስ መኪናውን ፍሬን ያስቀየረው ለሚስቱ ሲል ነው። እሱን ቢተውት በዚያው በአሮጌው ፍሬን ዕድሜ ልኩን ይነዳት ነበር። ፔዳሉን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ረገጥ አድርጎ ከሩቅ ጀምሮ እየለመኑ ማቆም ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው። ከመጋዘን ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከቮልሷ ሌላ የሚያስጨንቀው ነገር የለውም።

ጣጣው የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ባልና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈራቸው ተነሥተው ጦር ኃይሎች አጠገብ ወዳለው ጸሎት ቤታቸው ሲሄዱ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቮልሷ አልቆምም አለች። የቆመችውም ከፊቷ የነበረውን ሚኒባስ ገጭታ ነው። ሰው አልተጎዳም። ሚስቱ ተናኘ ግን ቀሚሷን አራግፋ ወረደችና፣ ይህ ፍሬን ካልተቀየረ ዳግመኛ እዚህች መኪና ውስጥ እንደማትገባ ቁርጡን ነገረችው። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እሱ በቮልሷ፣ እሷ በታክሲ ሆነ።

የጸሎት ቤት ሰው ደግሞ ዓይኑ አያርፍም። ባል ለብቻው፣ ሚስት ለብቻዋ ሲመጡ ያዩት ሽማግሌዎች ትዳራቸው የተናጋ መስሏቸው ቤታቸው ድረስ መጥተው ጸለዩላቸው። ዳኛቸው ነገሩ የፍሬን ጉዳይ መሆኑን ሊያስረዳ ቢሞክር ማን ሰምቶት። ጭራሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ። ዳኛቸው አንጀቱ አረረ፤ በማግስቱ ቮልሷን ቀጄላ ጋራዥ ወሰዳት።

ቀጄላ ነገር የማያበዛ መካኒክ ነው። የፊት እግሮቿን የድሮ ታምቡር ፍሬን ነቅሎ አዲስ ዲስክ ፍሬን ገጠመላት፤ የፍሬን ዘይቷን ቀየረ፣ ከቱቦው አየሩን አስወጣ። ከዳኛቸው ጋር ሰፈሩን ዞረው ሲሞክሯት አንዴ ሲረግጧት ቀጥ ነው። ዳኛቸው ደስታውን መደበቅ አልቻለም። በቃ፣ ተናኘ ልትመለስለት ነው።

እሑድ ጠዋት አጠገቡ አስቀምጧት ተነሣ። ገና ከሰፈር ሳይወጡ ዳኛቸው ሳያስበው መሀል መንገድ ላይ ቮልሷን ገትሮ አቆማት። ከፊታቸው በቅርብ የሚያስቆም ነገር የለም። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ክላክሱን አስጮኸው፤ ተናኘም ግንባሯ መስታወቱን ሊመታ ለጥቂት ተረፈ። ማደያው ከሩቅ ሲታይ ያው ሆነ። አደባባዩ ጋ ሊደርሱ ብዙ ሲቀራቸው ደግሞ ያው። ተናኘ ወርዳ ታክሲ ያዘች። ዳኛቸው ብቻውን ሲቀጥል ቮልሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ለስለስ ብላ ወሰደችው።

ግራ የገባው እዚህ ላይ ነው። ቀጄላ ጎማውን ፈትቶ ቢያይ እንከን አጣ። ብቻውን ሲነዳት ጤነኛ ናት፤ ከቀጄላ ጋር ሲነዳት ጤነኛ ናት፤ ተናኘ ስትገባ ብቻ ታብዳለች። መኪና ሰው ይጠላል እንዴ? ቀስ በቀስ ደግሞ የባሰ ሐሳብ መጣበት። ሽማግሌዎቹ ያዩት፣ እሱ ግን ያላየው ነገር ይኖር ይሆን? ሳያውቀው ሚስቱ ላይ ያቄመ ልብ ይሆን እግሩን የሚያስረግጠው? ፈራ። እውነተኛ ፍርሃት ነበር የፈራው።

ቀጄላን ለምኖት፣ ተናኘንም ለምኗት፣ አንድ ቀን ሦስቱም ወጡ። ቀጄላ ከኋላ ተቀመጠ። ጥቂት እንደ ሄዱ ቮልሷ ያንኑ አመሏን አመጣች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መሀል መንገድ ላይ ተገተረች።

«እትዬ፣ አሁን ምን አሉ?» አለ ቀጄላ።

ተናኘ ምንም እንዳላለች ነገረችው። ዳኛቸውም ምንም አልሰማሁም አለ።

«ቀስ ብለው ‘አሁን’ ብለዋል። ጋሼም ወዲያው ረገጡ። ሦስቴ እንዲሁ ሆነ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። አሮጌው ፍሬን ከሩቅ ካልተጀመረ አይይዝም ነበርና፣ ተናኘ ገና ከሙሽርነቷ ጀምሮ መንገዱን በዓይኗ እየለካች ‘አሁን’ ስትል፣ የዳኛቸው እግር እሷን ሲሰማ ኖሯል። እሷም ማለቷን፣ እሱም መስማቱን አያውቁም። አዲሱ ፍሬን ደግሞ ገና ከሩቅ እንደተረገጠ ቀጥ ያደርጋል።

«ፍሬኑን ሠርቼዋለሁ። የእናንተን ግን እኔ አልችልበትም» ብሎ ቀጄላ ወረደ።

በቀጣዩ እሑድ ተናኘ አፏን በእጇ ይዛ ተቀመጠች። ቁልቁለቱ መጣ። ከታች ሚኒባስ ቆሟል። የዳኛቸው ጆሮ ጠበቀ፤ ምንም የለም። እግሩ ፔዳሉ ላይ ተንጠለጠለ። ሚኒባሱ ቅርብ ይሁን ሩቅ ጠፋው፤ ለካስ እሷ አጠገቡ ሳለች መንገዱን ለክቶ አያውቅም። በድንጋጤ ረገጠ፤ ቮልሷም ከሚኒባሱ ብዙ ርቃ ቀጥ አለች።

ዳኛቸው ወደ ሚስቱ ዞረ። «ይህን ሁሉ ዘመን የነዳሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አላት።

«እኔ እንጃ» አለች ተናኘ እጇን ከአፏ አንሥታ። «እኔ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ የምጸልይ ነበር የሚመስለኝ።»

ዳኛቸው መሳቅም መቆጣትም አቃተው። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ዝምታ ካለፈው ግጭት ይበልጥ አስፈርቶታል። አጠገቡ ተቀምጣ የሌለች መስላው ነበር።

«ዝም አትበይብኝ» አላት። «አንቺ እንደ ድሮው በይ። እኔ ትንሽ ቆይቼ እረግጣለሁ።»

ተናኘ ትክ ብላ አየችውና ወደ መንገዱ ዞረች። ቮልሷ ተንቀሳቀሰች። ፌርማታው ገና ሩቅ ሳለ፣ ተናኘ «አሁን» አለች። ዳኛቸው ትንሽ ቆየና ረገጠ።