በግብ ጠባቂው እጅ የቀረው ሣር

ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ ጋሽ ሻንካ ናቸው፤ ከጨንቻ ወርደው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት አጥር ለአጥር የሚኖሩ ሸማኔ። «መጀመሪያ» ማለቴን ግን ላርመው። የነገሩኝ እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ደጋግመው ስለነገሩኝና በየጊዜውም ስለለዋወጡት ከብዙ ሰው የሰማሁት ይመስለኛል።

ያኔ ከራት በፊት የሰፈሩ ልጆች ወደ መሸመኛ ክፍላቸው እየገባን ማግ በቀሰም ላይ እናጠነጥንላቸው ነበር፤ እርሳቸውም በምላሹ ታሪክ ይነግሩናል። ኩራዟ ከመሸመኛው እንጨት ላይ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። በበሩ አጠገብ በተሰበረ ገል ላይ ፍም ይቀመጥና ትንኝ እንዲያባርር እርጥብ ቅጠል ይጨመርበታል፤ ጢሱም ዐይናችንን ስለሚያስለቅሰን፣ በሚያስቀው ታሪክ ሁሉ እንባችንን እየጠረግን እናዳምጥ ነበር። ጋሽ ሻንካ እግራቸው በመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ የሚታዩን ከወገባቸው በላይ ብቻ ነው። ታሪኩ ኳስ ምት ላይ ሲደርስ ግን እዚያ ታች ያለው እግራቸው መርገጫውን ሳያስቡት ይመታዋል፤ በዚያ ምሽት የተሠራ ጋቢ አንድ ቦታ ላይ ሳይጣመም እንደማይቀር ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ያማርሩ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሻንካ ወጣት ሳሉ የጨንቻ ሸማኔዎች ቡድን ግብ ጠባቂ ነበሩ። በአንድ የመስቀል ሰሞን ቡድናቸው ከቆላው የጫኖ ገበሬዎች ቡድን ጋር ለአንድ ወይፈን ተጋጠመ። ወይፈኑ ለአሸናፊው የሚሰጥ ሽልማት ሲሆን በሜዳው ዳር ታስሮ ይግጥ ነበር፤ በዚያ ቀን ወደ ሰማይ ያላንጋጠጠ ፍጡር እርሱ ብቻ ነበር ይላሉ ጋሽ ሻንካ፤ ማንም ቢያሸንፍ ለእርሱ ለውጥ አልነበረውምና።

ከሜዳው በላይ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጋሽ ሻንካ በማለዳ ሄደው «ግቤን ብትጠብቅልኝ ለመቅደስህ መጋረጃ እሸምናለሁ» ብለው ተሳሉ። ሲወጡ የጫኖው አጥቂ መንገሻ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ በር ላይ ተገናኙ።

«ለምን መጣህ?» አሉት።

«አንተ ለመጣህበት።»

«እኔ ግን ቀድሜሃለሁ።»

«አንተ ቃል ይዘህ ነው የመጣኸው፤ እኔ ሙዝ ይዣለሁ።»

ጋሽ ሻንካ ይህን ሲሰሙ ተመልሰው ገቡና በተሳሉት መጋረጃ ላይ ጥለት ጨመሩበት።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጨንቻ ሁለት ለባዶ ይመራ ነበር። ይቅርታ፤ አንድ ለባዶ ነው። ሁለተኛው ግብ የተቆጠረው ታሪኩ ለእኛ መነገር ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ መንገሻ ከቅርብ መታ፤ ጋሽ ሻንካ ተወርውረው ኳሷን በደረታቸው መለሱ፤ ኳሷም ተንከባልላ ተመልሳ መንገሻ እግር ሥር ቆመች። ግቡ ባዶ ነው። ጋሽ ሻንካ ለመነሣት ሲጣጣሩ በጉልበታቸው ቀሩ፤ ሲወድቁ መሬቱን ቧጥጠው ነበርና በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ጨብጠዋል።

እዚህ ላይ አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልግለጽ። በጋሞ ምድር ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ በመካከላቸው ከተንበረከከ፣ ጦር የመዘዘ ሰው እንኳ እርሱን አልፎ አይሄድም። ሣሩ የዕርቅ ልመና ነው፤ ያን ልመና መርገጥ በሰውም በፈጣሪም ዘንድ ያስጠይቃል። መንገሻም ሊመታ ያነሣውን እግር መልሶ አወረደው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ከጨንቻ ልጆች አንዱ ደርሶ ኳሷን ወደ እንሰቱ ማሳ ጠለዛት፤ ዳኛውም የማብቂያውን ፊሽካ ነፋ።

«በሣር አታሎናል!» አሉ ጫኖዎች።

ክሱ ቀላል አልነበረም። የዕርቅን ሣር ለማታለያ የተጠቀመ ሰው ጎሜ አለበት ይባላል፤ ጎሜ ማለት ሰውን ከሰው የሚለይ ነውር ነው። ጎሜ ያለበት ሰው ተናዝዞ እስኪነጻ ድረስ ማንም አብሮት አይበላም፣ ልጁንም አይድርለትም። የጋሽ ሻንካና የእትዬ ብርቄ ሠርግ ደግሞ መስቀል እንዳለፈ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሽማግሌዎች ሸንጎ ወደሚቀመጥበት ዱቡሻ ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹም ሳይወዱ በግድ እግዚአብሔር በኳስ ጨዋታ ገብቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ሊመረምሩ ተቀመጡ።

«ሣሩን ማን ነጨው?» ሲሉ የሸንጎው ታላቅ ጠየቁ።

«እኔ አልነጨሁም፤ ሚካኤል ነው ያስያዘኝ» አሉ ጋሽ ሻንካ።

«እኔም እኮ ለሚካኤል ተስያለሁ!» አለ መንገሻ።

«እንግዲህ ሚካኤል ለአንዳችሁ ሣር፣ ለአንዳችሁ ኳስ ሰጠ ማለት ነው?» አሉ ታላቁ።

«ለእኔማ ኳሱን ሰጥቶ እግሬን ነሳኝ።»

የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ምን ይላሉ ተባለ። ቄሱ ብዙ አሰቡና በጥንቃቄ «ሙዙ ደርሶናል» አሉ። «መጋረጃውን ገና እንጠብቃለን።»

በመጨረሻ ታላቁ ሽማግሌ ተነሡ። «እግዚአብሔር ነው ያስያዘው ብንል ፈጣሪን የኳስ ተጫዋች ማድረጋችን ነው፤ እፈራለሁ። ሆን ብሎ ነው ብንል ደግሞ የሰውን ልብ አየን ማለታችን ነው፤ ይህንንም እፈራለሁ። ሻንካ፣ ልብህን የምታውቀው አንተ ነህ። ሆን ብለህ ነው?»

«አይደለም» አሉ ጋሽ ሻንካ።

ሸንጎው ቃላቸውን ተቀበለ። ወይፈኑን ሁለቱም ቡድኖች አብረው እንዲበሉት ተፈረደ፤ ሠርጉም በቀኑ ሆነ፤ መጋረጃውም ከነጥለቱ ገባ።

እኛ ልጆቹ በጢሱ ውስጥ ዐይናችንን እያሸን «እውነት እግዚአብሔር ነው?» እንል ነበር።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» ይሉናል ጋሽ ሻንካ።

«አንተ ሰው፣» ይላሉ እትዬ ብርቄ ከወዲያኛው ክፍል፣ «በፊተኛው ዓመት ስድስት ሲያገቡብህ እግዚአብሔር የት ሄዶ ነበር?»

«ያኔ አልተሳልኩማ!»

እኔ ግን በሙሉ ልቤ አምኜ ነበር። በትምህርት ቤት ግጥሚያ ግብ ጠባቂ ሆኜ በቆምኩበት ብቸኛ ቀን አጥቂው ሲመጣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሁለት እጅ ሙሉ ሣር ያዝኩ። አጥቂው ግን አባቱ በሥራ ዝውውር ከጎንደር የመጣ ልጅ ስለነበር የሣሩን ነገር አያውቅም፤ በላዬ ዘሎ አገባብኝ። የክፍሌ ልጆች ለአንድ ሳምንት አላናገሩኝም፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እግዚአብሔር የሚረዳው የአገር ተወላጆች ሲጫወቱ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አስተማሪ ሆንኩ፤ ኳስ የምትሄድበትን አቅጣጫ የሚወስነው የተመታችበት ኃይልና ማዕዘን መሆኑን ለስንት ተማሪ አስረዳሁ፤ ከዚያም ጡረታ ወጣሁ። እትዬ ብርቄ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ሲል አንድ ማለዳ ጋሽ ሻንካ በምርኩዛቸው በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ ጫኖ ውሰደኝ» አሉኝ። «መንገሻን ሳላገኘው መሞት አልፈልግም።»

በባጃጅ ሄድን። ጋሽ መንገሻን፣ ያን የጥንቱን አጥቂ፣ በመስኖ ቦያቸው ዳር ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሁለቱ አረጋውያን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ከዚያ ጋሽ ሻንካ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አጋደሙት።

«ሣሩ ሳላስበው ነው እጄ የገባው» አሉ። «ይህ እውነት ነው። ግን ስትመጣ አየሁህ፤ ዐይንህ ሣሩ ላይ ሲያርፍም አየሁ። ያኔ ልጥለው እችል ነበር። ብርቄን እንዳላጣ በሸንጎ ፊት ደበቅኩ እንጂ፣ ለምን እንደቆምክ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። እግዚአብሔር ሣሩን ሰጠኝ ካልክም፣ ያልጣልኩት እኔ ነኝ።»

እኔ ፈራሁ፤ በዚህ ዕድሜ ጎሜ የተናዘዘ ሰው ይቅርታ ቢነፈግ ወዴት ይሄዳል? ጋሽ መንገሻ በእጃቸው የያዙትን ማንጎ አገላበጡ፣ አስቀመጡት፣ መልሰው አነሡት።

«የሜዳ ሣር መሆኑን አውቄ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ምን?»

«አውቄ ነበር። አንተ ሽማግሌ አይደለህ፣ እኔና አንተ አልተጣላን፤ ምን ዕርቅ አለ?»

«ታዲያ ለምን ቆምክ?»

«ግቡ ባዶ ነበራ! አገር ሁሉ እያየኝ ብስተውስ? እግሬ ተንቀጠቀጠ። ሣሩን ሳይ ‹ተመስገን፣ ሚካኤል ደረሰልኝ› ብዬ ቆምኩ።»

የጋሽ ሻንካ ፊት ተለዋወጠ። «አንተ ሌባ! እና ዱቡሻ ድረስ የጎተትከኝ ለምንድን ነው?»

«ምን ልበል? ፈራሁ ልበል? ያን ጊዜ እኔም ሚስት እየፈለግሁ ነበር እኮ!»

ጋሽ ሻንካ ምርኩዛቸውን ሲያነሡ ሊመቷቸው መስሎኝ ብድግ አልኩ። እርሳቸው ግን ተደግፈውት መሳቅ ጀመሩ፤ ጋሽ መንገሻም ተከተሏቸው፤ ሁለቱ ተያይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋሽ መንገሻ ማንጎውን ቆርጠው ግማሹን በእጃቸው አጎረሷቸው። አብረው በሉ፤ ይቅርታ መስጠት ማለት በእኛ ዘንድ ይኸው ነው።

ስንመለስ በባጃጁ ውስጥ፣ ከተማ ልንደርስ ስንል፣ ጋሽ ሻንካ ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

«መምህር፣ እግሩ ከተንቀጠቀጠ ቢመታም ይስት ነበር ማለት ነው?»

«ሳይሆን አይቀርም፤ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም።»

«እንግዲያውስ ሣሩን ብጥለውም አሸንፍ ነበር» አሉ በቀስታ። «በንጹሕ እጅ አሸንፍ ነበር፤ ሚካኤል እስኪደርስልኝ ያልጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

ቤት እንደገባሁ፣ ጫማዬንም ሳላወልቅ፣ ደብተር አውጥቼ ይህን ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ። ያ ኩራዝ፣ ያ ጢስ፣ በጉድጓድ ውስጥ የሚወራጨው ያ እግር ሁሉ በዐይኔ ላይ ነበሩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ «እግዚአብሔር ረድቷቸው ነበር» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። «አልረዳቸውም» ብዬ ጻፍኩ፤ እርሱንም ሰረዝኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብተር በቀይ ሳርም ኖሬ፣ በራሴ ገጽ ላይ ሁለቱ ስርዞች ጎን ለጎን እንዳሉ ተውኳቸው፤ ከሥራቸውም የዕለቱን ቀን ጻፍኩ።