ካህንም ሼህም የሌለበት የአያ ሙጬ አገር

ገና ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ከታላቅ ወንድሜ ከአበጀ ጋር ከሸሕዲ ከተማ ርቆ ባለ የሰሊጥ እርሻ ለአረም ገባን። ጥቁሩ የዋልካ አፈር አንዴ ዝናብ ከጠጣ በኋላ መኪና አያስገባም፣ አያስወጣም። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ በትራክተር ተጎታች አምጥቶ ሲያራግፈን ሁላችንንም አስማለን፤ ክርስቲያኑ ማተቡን ይዞ፣ ሙስሊሙ በቁርዓን፣ አረሙ ሳያልቅ ላይወጣ ማለ። ካቦውም የታመመ በትራክተር እንደሚወጣ ቃል ሰጠን።

ማታ ማታ ለትንኙ ብለን እርጥብ እንጨት እናጨስ ነበር። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ በነፋስ እየተርገበገበ፣ ከደጋ የመጡት ሽማግሌ አያ ሙጬ ፍሙን እየቆሰቆሱ በወሬ አንድ አገር ይሠሩልን ነበር። አገሩ ንጉሥ አለው፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም። ንጉሡን የሚቀባው ካህን ስለሌለ ሕዝብ ፊት ቆሞ የሚሠራውን ይናገራል፤ ካልሠራ ይወርዳል። ሰው ሲሞት ጎረቤቱ የሚያውቀውን ደጉንም ክፉውንም ተናግሮ ይቀብረዋል።

አብሮን የሚያርመው የወሎው ሰይድ አላስቀመጣቸውም።

«የዚያ አገር ሰዎች በምን ይምላሉ ታዲያ?»

«አይምሉም።»

«ጉድ ነው! መሐላ ካልያዛቸው ንጉሥዎን ነገ ገበያ አውጥተው ይሸጡታል እኮ፣ አያ ሙጬ!»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው በማግስቱ ማታ መልሱን ይዘው መጡ። «እዚያ ቃል የሚሰጠው ለሰው ነው። ተቀባዩም በፊናው ቃል ይሰጣል። እሱ ካፈረሰ የሌላውም ፈረሰ።»

ብዙም ሳይቆይ አበጀን ወባ ጣለው። ካቦውን ትራክተሩን ለመንኩት።

«በዚህ ጭቃ ትራክተር አላስይዝም። ምለኻል፤ ተቀመጥ» አለኝ።

ወንድሜ ይቃዣል፤ እኔ ማተቤን እፈራለሁ። አንድ ምሽት አያ ሙጬ ስለዚያ አገር ዳኞች ሲያወሩ አቋረጥኳቸው።

«እዚያ አገር ወንድሙ የታመመበት ልጅ ምን ያደርጋል?»

ፍሙን መቆስቆስ ተዉ።

«ይሄዳል» አሉ። «ማንም አይረግመውም።»

ጎሕ ሲቀድ አበጀን በቃሬዛ አነሳነው። ከኋላ የያዘው ሰይድ ነበር። «እኔ ስምል በልቤ ኢንሻአላህ ብያለሁ» ብሎ ጠቀሰኝ።

«አንቱም ይምጡ እንጂ» አልኳቸው አያ ሙጬን።

ማተባቸውን ጨበጡ። «እኔማ ምያለሁ፣ ልጄ። እዚያ አገር አልተወለድኩም።»

ሸሕዲ አድርሰነው አበጀ ዳነ። አያ ሙጬን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ስለዚያ አገር ሳስብ ንጉሡም ዳኞቹም አይታዩኝም። የሚታየኝ፣ እስከ ጉልበታችን ዋልካ ውስጥ ገብተን ዞር ስል፣ ሽማግሌው ከካምፑ ጫፍ ሳያልፉ ቆመው ውኃ ያልተኛበትን መንገድ በእጃቸው ሲያመለክቱን ነው።