ባለነጭ ቀለበቱ ጎማ

አዲስ ጎማ የራሱ ሽታ አለው። ነዳጅ ነዳጅ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ገና የተገዛ የላስቲክ ጫማ ይሸታል፤ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ዓባይ ማዶ ካለ ጎማ ቤት በር ላይ ስደርስ ይህ ሽታ ተቀበለኝና እግሬን ያዘኝ። ከኋላዬ ባጃጆቹ ይንጫጫሉ፣ ሻጩ "ይግቡ እንጂ እትዬ" ይለኛል፤ እኔ ግን አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አባቴ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ አባቴም ሰው እያየው ጎማ ያሸታል።

አባቴ ጎማ ሲገዛ እንደዚያ ነበር። መጀመሪያ ያሸተዋል። ቀጥሎ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አድርጎ ጥፍሩ የተወውን ምልክት ያያል፤ ምልክቱ ቶሎ ከጠፋ ጎማው ገና ነፍስ አለው፣ ከቆየ ግን መጋዘን ውስጥ አርጅቷል ማለት ነው። በመጨረሻ በሱቁ ወለል ላይ ያንከባልለውና ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ያዳምጣል። ማዳመጡን ከየት እንዳመጣው የገባኝ ኋላ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ከመሆኑ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ያውም የመሪጌታ ልጅ። መኪናው ሥር ተኝቶ ሲሠራ ዜማ ያንጎራጉራል። የጎማ ቡሎን ሲያጠብቅ በግእዝ ይቆጥራል፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ሐምስቱ። አምስቱም ተቆጥረው ካላለቁ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም።

መኪናዋ ቮልስ ናት። ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ አስተማሪ የገዛት፣ ውኃ ሰማያዊ ቀለም ያላት፣ ፋሲሎ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር የምትቆም። እናቴ "ጣውንቴ" ትላት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ሲያጥባት በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ "እኔንም እንዲህ የሚያሸኝ ሰው በተገኘ" ትላለች፤ እሱም እየሳቀ ውኃ ይረጫታል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ጎማዎቹ ሙልጭ ብለው አለቁ። አባቴ ደግሞ ወደ ደምቢያ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። አያቴ ከቆላ ድባ አለፍ ብሎ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ደብር መሪጌታ ነበሩ። አባቴ ዜማውን ትቶ ፋብሪካ ሲገባ፣ "ሰው መሆንህን በዓይኔ እስካላይ ድረስ ልጄ አልልህም" ብለውታል። እሱም እንደ አባቱ ልበ ደረቅ ነውና ከዚያ ቀን በኋላ እግሩን አላነሳም። እህል ሊጭኑ ቆላ ድባ በሚሄዱ ነጋዴዎች በኩል ሰላምታ ይልካል፤ "ደህና ናቸው" የሚል መልስ ይመጣለታል፤ በቃ። ሌላ አይጠይቅም፣ ሌላም አይነግሩትም። ሌሎች ልጆች አያት ሲኖራቸው እኛ "ደህና ናቸው" የሚል ቃል ብቻ ነበረን።

ቮልሷ ከመጣች ወዲህ ግን አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ገባ። የደብሩ ንግሥ የመስከረም ማርያም ዕለት ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አያቴ ቆመው በሚያዩት ሜዳ፣ በገዛ መኪናው ሊደርስ ቆረጠ። እናቴ አልከለከለችውም። "ሂድና ይዩህ፣ ለሁለታችሁም ይውጣላችሁ" አለችው።

ጎማ ሊገዛ ሲሄድ እኔን አስከተለኝ። ሻጩ ለቮልስ የሚሆን ሁለት ዓይነት ብቻ እንዳለው ነገረንና ሁለቱንም አወጣ። አንደኛው ድፍን ጥቁር፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ የእርሻ መኪና ጎማ የሚመስል ነው። ሁለተኛው በወረቀት ተጠቅልሎ የቆየ ነው፤ ወረቀቱ ሲቀደድ በጎኑ ዙሪያ ያለው ነጭ ቀለበት ቦግ አለ። እንዲህ ያለ ጎማ በከተማው ያየሁት በአንድ ባለ ሆቴል መኪና ላይ ብቻ ነበር።

ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነበር። "ጋሼ፣ ደምቢያ ከሆነ የሚሄዱት ጥርሳሙን ይውሰዱ። ያ ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ገና አልደረቀም" አለው።

አባቴ ሁለቱንም አሸተተ፣ ሁለቱንም በጥፍሩ ጫነ፣ ጥርሳሙን ደግሞ ሁለቴ አንከባለለ። እጁ ጥርሳሙ ላይ፣ ዓይኑ ነጩ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

እኔ ምን እላለሁ! ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከዚያ መኪና ስወርድ ማን ማን እንደሚያየኝ በልቤ ቆጥሬ ጨርሻለሁ። "ነጩን አባባ! በጥቁሩ ብትሄድ የእህል ነጋዴ ነው የምትመስላቸው። አያያ ከሩቅ እንዲያዩህ አይደል?" አልኩት። የመጨረሻዋን ቃል የጨመርኳት ተንኮሌን ልሸፍን ነው። እሱን ያሸነፈችው ግን እሷ ናት። ፊቱ በራ፤ ሻጩም ራሱን ነቅንቆ አራቱን ነጭ አወረደ።

የንግሡ ዕለት ገና ሲነጋ ሁለታችን ወጣን። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር፤ ጣና በግራችን ብቅ እያለ ይጠፋል፣ የለመለመው ሣር ሽታ በመስኮት ይገባል። አባቴ ወረታ ላይ ቆሞ ነጩን ቀለበት በጨርቅ ጠረገ። አዘዞ ላይም ወርዶ ጠረገ። ቆላ ድባን ቀስ ብለን ስናልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየን፣ እኔ ክንዴን መስኮቱ ላይ አሳርፌ ደምቢያን በሙሉ የገዛሁ መሰለኝ።

ጭቃው የያዘን ደብሩ ከሚታይበት ቦታ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ይታያል፣ ከበሮው ይሰማል፤ ያቺ አንዲት ዝቅ ያለች ቦታ ብቻ ቀርታን ነበር። የኋላ ጎማዎቹ ገቡ። አባቴ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው ባለበት ዞረ፤ ጥቁሩ ጭቃ ጥርሶቹን ሞልቶ ልሙጥ አደረጋቸው። ወርደን ድንጋይ አስገባን፣ ቅጠል ቆርጠን አነጠፍን፤ ሲብስ እንጂ ሲሻል አላየንም። ለንግሡ የሚሄዱ ሰዎች ነጠላቸውን አደግድገው ገፉን፤ መኪናዋ ግን ሆዷን መሬት ላይ ጥላ ተኛች። አባቴ ሞተሩን አጠፋ።

ሞተሩ ሲጠፋ ወረቡ ጎልቶ ተሰማ። አንድ ድምፅ ከሁሉም ከፍ ብሎ ይመራል። አባቴ በጭቃው ውስጥ እንደቆመ ጆሮውን ሰጠና ከንፈሩ ብቻ መንቀሳቀስ ጀመረ። "እሳቸው ናቸው" አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ናፍቆት መሆኑን ያወቅኩት እኔም ሰው ከናፈቀኝ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ ያ ድምፅ በመሀል ተቋረጠ። ጥቂት ዝም አለና ሌላ ሰው ተቀበለው። አባቴ ደነገጠ። "አባቴ ወረብ አቋርጠው አያውቁም" አለ።

ከገፉን ሰዎች አንዱ አባቴን ለይቶት ቀድሞን ደርሶ፣ ልጅዎ መኪና ይዞ መጥቶ ጭቃ ላይ ቀርቷል ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። ከዛፎቹ መሀል አንድ ረጅም ሽማግሌ ካባ እንደለበሱ ብቅ አሉ። አንድ ዲያቆን ክንዳቸውን ይዟል፤ በመቋሚያቸው ከፊታቸው ያለውን መሬት ነካ ነካ እያደረጉ ይወርዳሉ። አባቴ ሲያያቸው ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አልሮጠም፣ ጉልበታቸውን ሊስም አልሄደም። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ በአዲሱ ጋቢው ጫፍ የጎማውን ነጭ ቀለበት ይጠርግ ጀመር። እየጠረገ፣ "አባ፣ የራሴ ናት። በላቤ ነው የገዛኋት። ይዩት፣ ጎማዋንም አዲስ ነው ያደረግሁላት፣ ይዩት እስቲ" ይላል። ሌላ ጊዜ ለሰው ቃል የሚቆጥበው አባቴ እንደ ሕፃን ለፈለፈ።

ሽማግሌው አጠገባችን ደርሰው ቆሙ። ነጩ ቀለበት ጸድቶ ያበራል፤ እሳቸው ግን የሚያዩት ከመኪናዋ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ዳበሱ።

ዲያቆኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አያዩም እኮ። ሦስት ዓመት አለፋቸው። እንዳትነግሩት ብለው ገዝተውን ነው" አለ።

አባቴ የጋቢውን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። አያቴ ወደ ድምፁ ጎንበስ አሉና እጃቸው መጀመሪያ ያገኘው ጎማውን ነው። በመዳፋቸው ዙሪያውን ዳበሱት። ጣታቸውን ጥርሶቹ መሀል አስገብተው ጥልቀቱን ለኩ። ነጩ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ሳይቆም አለፈው፤ በእጅ ሲዳበስ ነጭ የለም።

"ለዚህ አገር ጥርሱ አጥሯል" አሉ። "ማን ነው የመረጠልህ?"

እኔ ምድር ብትውጠኝ ወደድኩ። አባቴ ወደ እኔ አልዞረም፣ በዓይኑ ጫፍ እንኳ አላየኝም። "እኔ ነኝ አባ" አላቸው። "እኔው ነኝ የመረጥሁት።"

እጃቸው ከጎማው ወርዶ ጭቃውን ነካ፣ ከጭቃው የአባቴን ጫማ አገኘ፣ ከጫማው ሱሪውን ይዞ እስከ ጉልበቱ ወጣ። እዚያ ላይ ቆየ።

"ልጄ፣ እግርህ ረጥቧል" አሉት። "ና ተነስ፣ ግባ።"

አባቴ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። የኔ ልቅሶ ግን ከግማሽ በላይ ሐፍረት ነበር። በማግሥቱ ቮልሷን በበሬ ጎትተው አወጧት። አያቴ ክረምቱ ሁለቴ እስኪያልፍ በሕይወት ቆዩ፤ አባቴም በየጊዜው ሄደ፤ ልጄ የሚለውን ቃል እስኪጠግብ ሰማ። ነጮቹን ጎማዎች አልቀየራቸውም፤ በጋ በጋ ይሄድባቸዋል፣ ክረምት በአውቶቡስ ይሄዳል። እናቴ "ይህን የጌጥ ጎማ ማን አስገዛህ?" ባለችው ቁጥር "እኔው" ይላታል። አንድ ቀን እንኳ አልከሰሰኝም። እኔም አንድ ቀን እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም፤ ነገ እላታለሁ ነገ እላታለሁ ስል እናቴም አረፈች።

አባቴን አምና መስከረም ላይ፣ በራሱ ኑዛዜ፣ ከአያቴ እግር ሥር ቀበርነው። አስከሬኑን የወሰደው የተከራየነው መኪና ነው። ቮልሷ ማንጎው ሥር ቀረች፤ ነጩ ቀለበት የበቆሎ ቀለም አምጥቶ ተሰነጣጥቋል። ሙት ዓመቱ ሲደርስ በእሷ ሄጄ ካልደረስኩ ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት። "ምን ነካሽ? ዋናው መንገድ አስፋልት ሆኗል፣ እታች ያለው መረሬ ግን ያው መረሬ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው።

ለዚህ ነው ጎማ ቤቱ በር ላይ የቆምኩት። ሻጩ ብዙ ፈልጎ ለቮልስ የሚሆን አገኘልኝ፤ ልኳ ከገበያ ሊጠፋ ደርሷል። አሁንም ሁለት ዓይነት ነው። ባለነጭ ቀለበቱን ወደፊት ገፋ አደረገልኝ፤ ለሙሽራ መኪና የሚያከራዩ ሰዎች ይሻሙበታል አሉ። አነሳሁና አሸተትኩት። በጥፍሬ ጫንኩት። አምሮኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያ ያች ዝቅ ያለች ቦታ ታየችኝ። አሁን እዚያ ብቀረቀር ወረብ አቋርጦ የሚመጣልኝ፣ እግርሽ ረጥቧል የሚለኝ ሰው የለም።

"ጥርሳሙን ስጠኝ" አልኩት።

ሻጩ ቅር አለው። ጎማዎቹን እያወረደ፣ "ለቮልስ እንኳ ነጩ ነበር የሚያምርባት እትዬ። ጥርሳሙን ማን መረጠልዎት?" አለኝ።

"አባቴ ነው" አልኩት።