የይታይሽ ክንድና የእኔ ሎሚ

ባለፈው ሳምንት ወገቧን የሚያማትን እህቴን ይታይሽን ይዤ ነቀምቴ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣቱ ዶክተር የራጅ ፎቶዋን አይቶ አጥንቷ ሳስቷል አለን። አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱት ሴሎች አዲሱን ከሚገነቡት በልጠዋል። የቀረውን አልሰማሁም፤ ሐሳቤ አሥረኛ ክፍል ወደነበርኩበት ግንቦት ጭልጥ አለ።

ይታይሽ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። የሰፈራችን ወጌሻ ኦቦ ገመቹ በቀርከሃ አሰሩላት። ጎረቤቶችም ለተሰበረ ሰው እንደሚደረገው አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በቅቤ እያሹ አመላለሱላት፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን የምበላው እኔ ነበርኩ። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን የርግብ እንቁላል የሚያህል ጉብታ ቀረ። ከጎጃም ለሥራ ተመድቦ የመጣው አባታችን ይህን ሊቀበል አልቻለም።

"ቅዳሜ ተሰብሮ እንደገና ይታሰር!" አለ።

ይታይሽ እንቅልፍ አጣች፤ እኔም አንጀቴ አረረ።

በዚያው ሰሞን የባዮሎጂ መምህራችን አጥንት የሚበሉ ሴሎች እንዳሉ አስተማሩን። በአሲድ ጠንካራውን ማዕድን ያሟሙታል፤ ከዚያ ኢንዛይሞች የቀረውን የፕሮቲን ክር ይቆራርጡታል። እኔ አሲድ ሲሉ ብቻ ሰማሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አጥንቱን ያሟሟዋል ብዬ በሎሚ ያራስኩትን ጨርቅ ጉብታው ላይ ሦስት ቀን ጠፍሬ አሰርኩላት።

"ያቃጥላል፣ ጋሼ" ስትለኝ፣ "እየሠራ ነው" እላት ነበር።

ቅዳሜ ኦቦ ገመቹ ጨርቁን ሲፈቱት ቆዳዋ ተልጧል።

"ኢንተላ ኮ! ልጄን!" አሉ ደንግጠው። ወደ አባቴ ዞረውም፣ "ቁስል ላይ አልሰብርም፤ ይዳንና እንመለስበታለን" አሉት። ያን ቀን የቀመስኩትን ልምጭ አልረሳውም።

ሰኞ ጥፋቴን ለመምህሩ ነገርኳቸው። ሳቁም፣ አዘኑም።

"ሎሚህ እስከ አጥንቷ አይደርስም። ሴሎቹ አሲዱንም ኢንዛይሙንም የሚያመነጩት እዚያው አጥንቱ ላይ ተለጥፈው ነው። ልጅ ናት፤ ጊዜ ስጧት እንጂ ጉብታውን ሴሎቹ ራሳቸው ይሞርዱታል።"

ቁስሉ አመርቅዞ እስከ መስከረም ቆየ። ኦቦ ገመቹ ተመልሰው ክንዷን ሲዳብሱ ጉብታው በግማሽ ቀንሷል። "ይሄማ ራሱ እየተስተካከለ ነው" ብለው፣ ሳይነኳት፣ በቀዩ ጭቃ ቀስ እያሉ ሄዱ። ይታይሽ እስኪሰወሩ ድረስ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ዶክተሩ አጥንት በሊታዎቹን ሴሎች የሚያዳክም መድኃኒት ሲጽፍላት፣ ይታይሽ እጁን ያዝ አደረገችው።

"ልጄ፣ እነዚህ በልጅነቴ የተሰበረ ክንዴን ያቃኑልኝ ናቸው?"

"አዎ እማማ፣ የእነሱው ዓይነት ናቸው።"

"እንግዲያው ጨርሰህ አትግደልብኝ፤ ባለውለታዎቼ ናቸው።"

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ግን ሆዴ ባባ፤ ያቺን የስምንት ዓመት ልጅ ከሚያስታውሱት ሰዎች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።